ለዮናታን ያልበቃው አፈር

ሰው ሲሞት «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» እንላለን። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስል ኖሬያለሁ፤ በአፌ እንጂ በልቤ አስቤው አላውቅም። አሁን ይህችን ቃል ጀምሬ መጨረስ አቅቶኛል። እንዴት እንዳቃተኝ ልንገራችሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ በከሰል በጠቆረ ሳንቃ ላይ። አጻጻፌ ቢያነክስ እለፉኝ። ነገሩ ግን አያነክስም፣ እንደሆነው ነው የማስቀምጠው።

ደምሴ ይማም እባላለሁ። የኔ ስም የክርስቲያን፣ የአባቴ የእስላም ነው። ወሎዬ ነኝና አይግረማችሁ። ወታደር ነበርኩ። መንግሥት ሲወድቅ በሞያሌ ወጣሁ፣ ኬንያ ከረምኩ፣ ካምፓላ ገባሁና ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር የመኪና ወንበርና ሶፋ እያለበስኩ ይኸው አረጀሁ። ሞያሌን ስሻገር አብሮኝ የነበረው ተፈራ ነው። ያኔ ጢሙ ገና ያልጠቆረ ልጅ ነበር። ወባ ጥሎት መንገድ ላይ ሲቀር በጀርባዬ ተሸክሜዋለሁ። ይህን የምለው ውለታ ልቆጥር አይደለም፤ ምኔ እንደነበረ እንድታውቁት ነው። ለኔና ለባለቤቴ ለአበበች እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ተፈራ ወንድምም ልጅም ሆነን። በኋላ ኮሎሎ በሚባለው ሰፈር አንድ የውጭ አገር መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኖ ገባ፣ እንግሊዝኛ ተናገረ፣ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ ሰው ሆነ። እሁድ እሁድ ግን እኛ ቤት ነበር የሚበላው፤ ከአንድ ትሪ።

አበበች በዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ኢየሩሳሌምን መሳለም። ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው መግነዙን ይዞ ሄዶ ዮርዳኖስ ይነክረዋል፣ ከቅዱሱ ምድር አፈር ቆንጥሮ ይመለሳል። የሞተ ቀን በዚያ ጨርቅ ይገነዛል፣ አፈሩም ከራሱ ሥር ይሆናል። አበበች ለዚያ ስትዘጋጅ ሳንባዋ ታመመና ከአልጋ ዋለች። አንድ ቀን ገዝታ ያስቀመጠችውን ነጭ ጨርቅ ጠርዙን በእጇ እየቀመቀመች፣ «እንግዲህ እግሬ ካልሄደ መግነዜ ይሂድልኝ» አለች።

ተፈራ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። «እኔ እሄድልሻለሁ፣ እትዬ» አላት። «ለፋሲካ እደርሳለሁ። ተስያለሁ።»

ኮሮና የገባበት ዓመት ነው። ተፈራ ከዐቢይ ጾም መካከል ተነሥቶ፣ ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር ሊሄድ አዲስ አበባ በረረ። እሱ በሄደ በጥቂት ቀን ዓለም ተዘጋ። እኛ እዚህ ቤታችን ተከርችመን ስንጨነቅ ስልኩ ጮኸ። አበበች ናት ያነሣችው። «ደረስክ?» አለችው፤ ከዚያ ፊቷ በራ። ስልኩን ለኔ እየሰጠችኝ፣ «ሳይዘጋ ገብቷል! ተሳልሟል!» አለችኝ።

የእንቴቤ አየር ማረፊያ ሲከፈት ተመለሰ። መግነዙንና በላስቲክ የተጠቀለለ አፈር አመጣ። አበበች አፈሩን ሳመችው፣ ግንባሯን ቀባችው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞትን መፍራት ተወች። ከጥምቀት በኋላ አረፈች። በዚያ መግነዝ ገነዝናት፤ ከአፈሩ ግማሹን ከራሷ ሥር አደረግን። ግማሹን ለራሴ አስቀረሁ። ሙያዬ ነውና ከምወደው የበግ ቆዳ ትንሽ ከረጢት ቆርጬ፣ አፏን በድርብ ስፌት ዘግቼ፣ ከአልጋዬ በላይ ሰቀልኳት።

ተፈራም ተከበረ። እሁድ በምንሰበሰብበት አዳራሽ «ተሳላሚው» እየተባለ ከፊት ይቀመጥ ጀመር። ሲጠይቁት ይናገራል። እኔ ከሁሉ የምወደው የመቃብሩን ድንጋይ ሲናገር ነበር። «ከንፈርህን እንዴት አለው?» እለዋለሁ። «ይቀዘቅዛል ጋሼ። እንደ በረዶ አይደለም፤ በማለዳ እንደሚነካ ብረት ነው።» ስንቴ እንዳስደገምኩት አላውቅም። ስጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ የምስመው ያንን ድንጋይ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ሰው ልምጣ። በግቢያችን ጀርባ ምዜ ዮናታን የሚባል ጡረታ የወጣ አስተማሪ ከልጁ ከርብቃ ጋር ይኖር ነበር። ምዜ ማለት እዚህ አገር ሽማግሌ የሚከበርበት ስም ነው። አገሩ በምሥራቅ፣ ምባሌ አጠገብ ነው። ሃይማኖቱ አይሁድ። ከጎንደር ውጪ ጥቁር አይሁድ ያለ አይመስለኝም ነበር። አያቶቹ ነጮች ያመጡላቸውን መጽሐፍ ቅዱስ አንብበው የፊተኛውን ክፍል ተቀብለው የኋለኛውን መለሱላቸው አሉ። እዚህም አገር ወታደር በገዛበት ዘመን ሃይማኖታቸው ተከልክሎ፣ እናቱ የዓርብ ማታ ሻማዋን አልጋ ሥር ደብቃ ታበራ እንደነበር ነግሮኛል።

በመጀመሪያ አልቀርበውም ነበር። ከልጅነቴ የተነገረኝ ነገር አለ። እኔ ደግሞ በሆዴ የያዝኩትን በአፌ ካላወጣሁ አልተኛም። አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ሰላም ሲለኝ፣ «ጌታን የሰቀላችሁት እናንተ ናችሁ» አልኩት።

እስኪያስለው ሳቀ። «እኔ የምባሌ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን አልነበርኩም። ብኖርስ ማን ይሰማኝ ነበር? በገዛ ቤቴ እንኳ የሚሰማኝ የለም።»

ርብቃ ከቤታቸው ውስጥ፣ «ሰምቻለሁ!» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ወዳጅ ሆንን።

ሦስተኛችን ሐጂ ሰይድ ነው፤ የቦረና ወሎ ሰው፣ ኪኩቦ በሚባለው ገበያ የጅምላ ጨርቅ ሻጭ። በሁለተኛው ዓመት ካምፓላ እንደገና ስትዘጋ ሱቁን ቆልፎ ቀኑን እኔ በረንዳ ላይ ያሳልፍ ጀመር። ሦስት ሽማግሌ፣ ሥራ የለ፣ መንገድ የለ፤ በስዋሂሊም በሉጋንዳም በተሰባበረ እንግሊዝኛም እንከራከራለን። አንድ ቀን ሬዲዮው ስለ ኢየሩሳሌም አገር ጦርነት አወራ። እኔ ተነሣሁና፣ «እስቲ ንገሩኝ» አልኩ፣ «ምድር እንዲህ ሰፊ ሆና፣ ሦስታችንም አንዲቱን ቁራሽ ቅድስት የምንላት ለምንድን ነው?»

ዮናታን ቀደመ። «አብርሃም ልጁን ሊሠዋ የወጣበት ተራራ እዚያ ነው። እግዚአብሔር እጁን የያዘበት። ቤተ መቅደሳችን የተሠራው በዚያ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የትም ብንሆን ፊታችንን ወደዚያ አዙረን ነው የምንጸልየው።»

«እኛም በፊት ወደዚያው ነበር የምንሰግደው» አለ ሐጂ። «ወደ መካ ዙሩ ሳንባል በፊት። ነቢያችን በአንድ ሌሊት ቁድስ፣ እናንተ ኢየሩሳሌም የምትሏት፣ ደርሰው ከዚያ ነው ወደ ሰማይ የወጡት። ኢብራሂምም አባታችን ነው። ልጁ ግን እስማኤል ነው የምንለው።»

«ጌታ የተሰቀለው፣ የተቀበረው፣ የተነሣው እዚያ ነው» አልኩ እኔ። «ባዶ መቃብር የሚሳለሙት በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ የርስት ክርክር ሲመላለስ ነው የሞተ። በርስት ክርክር ገዛሁ የሚል የለም፤ «አባቴ ከዚህ ነው» የሚል ነው ያለ። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው ዘር የሆነ ሁሉ፣ ዘሩን ቆጥሮ ይመጣል። ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባላል። ይህን እያስረዳኋቸው፣ «እናንተ ሰዎች፣ ይህ እኮ የርስት ሙግት ነው!» አልኩ። «አቅኚው አብርሃም ነው። አንዱ በኩር ነኝ ይላል፣ ሌላው ትልቁ ልጅ የኔ አባት ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ ወራሹ ለኔ ሞቷል እላለሁ።»

«ዳኛውስ?» አለ ሐጂ።

«ዳኛው ገና አልተሰየመም።»

ዮናታን ግን አልሳቀም። «ባገርህ ርስት በምን ይረጋገጣል?» አለኝ።

«ያባትህን መቃብር በማሳየት ነዋ።»

አንገቱን አቀረቀረ። «እኛ ሩቅ የምንኖረው፣ መቃብራችን እዚያ ሊሆን ስለማይችል አፈሩን እናስመጣለን» አለ። «ከሬሳው ራስ ሥር ትንሽ ይደረጋል። አባቴ ግን ሳያገኝ ነው የተቀበረው። በደጉ ዘመን አልሞተም።»

ያን ጊዜ ተነሥቼ ከረጢቴን ከቤት አምጥቼ አሳየሁት። አልነካትም። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቆቡን በሁለት እጁ አስተካከለና ቆሞ አያት። ሐጂ፣ «በኛ ከመካ አፈር ማውጣት አይወደድም፤ እኔ ከፈኔን፣ መግነዜን፣ በዘምዘም ውሃ ነክሬ አስቀምጫለሁ» አለ። እንዲህ ሦስታችንም የሞት ስንቃችንን አወራን።

ከዚያ ብዙም አልቆየ፤ ምዜ ዮናታን በተኛበት ልቡ ቆመች። ርብቃ ያለቀሰችው ጎህ ሲቀድ ነው። እኔና ሐጂ ከመጀመሪያዎቹ ደረስን። ምባሌ፣ ከአባቱ አጠገብ መቀበር ኑዛዜው ነበር። ከወረዳ ወረዳ መንቀሳቀስ ተከልክሎ ሳለ ርብቃ ሮጣ ለምና ለአንዲት መኪና ፈቃድ አገኘች። ሰዓት እላፊ ሳይደርስባቸው እንዲገቡ እኩለ ቀን ላይ መነሣት አለባቸው።

ረፋዱ ላይ ሬሳው የሚታሰርበትን ጨርቅ በስፌት መኪናዬ እየሰፋሁ ሳለ ርብቃ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ቆማ እጇን አጣመረች።

«ምዜ ደምሴ፣ አባቴ ስለዚያች ከረጢት ነግሮኝ ነበር። መጠየቅ ነውር ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ብዙ አልልም። ከራሱ ሥር የምትሆን ቁንጥር ብቻ።»

እኔ ለመልስ ፈጣን ሰው አይደለሁም። «እስቲ ቆዪኝ» አልኳት። ስትሄድ ሐጂ አየኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ለኔ መቃብር ነው ያስቀመጥኩት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጀነት በኩንታል ነው እንዴ የሚገባው? ቁንጥር ነው የጠየቀችህ።»

«ከጌታ አገር የመጣ አፈር ለአይሁድ ልስጥ?»

«ጌታህ የማን ልጅ ነበር? የወሎ?»

ሳላስበው ሳቅሁ። በሐዘን ቤት ስቄ አላውቅም። ልቤም በዚያው ተከፈተ። ዮናታን ቆቡን አስተካክሎ የቆመው ቁመት ትዝ አለኝ። እሰጣለሁ አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የያዝኩት ነገር ለሌላ ሰው የሚተርፍ መሆኑ አኮራኝ። ድካሙ የተፈራ ነውና እሱም ደስ ይበለው ብዬ ደወልኩለት።

«ተፌ፣ ምዜ ዮናታን አረፈ። ያመጣኸው አፈር ለሱም ሊደርሰው ነው። ላካፍለው ነው።»

የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ጋሼ» አለኝ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ። «እንዳትሰጥ። እየመጣሁ ነው። እስክመጣ ከረጢቷን እንዳትከፍታት።»

«በምን ትመጣለህ? መኪና ተከልክሏል።»

«በእግሬ።»

ስልኩን ዘጋ። ሐጂ ምን አለ አለኝ። «ይቀናል መሰለኝ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ የመሰለኝ እሱ ነው። አይሁድ መንካቱን ጠልቶ ነው ብዬ ተናደድኩበት፣ የምመልስለትንም አዘጋጀሁ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። መኪናዋ መጥታ በር ላይ ቆመች። የነሱ ሃይማኖት ሰዎች፣ ጥቂት ናቸው፣ አፋቸውን ሸፍነው ሬሳውን አጥበው ነጭ አልብሰው ገነዙት። እኔ ከረጢቷን ጭኔ ላይ አድርጌ በር በር አያለሁ። ርብቃ ባለፈች ቁጥር ከረጢቷን ታያለች፤ አትጠይቀኝም። ሐጂ «ጊዜው እየደረሰ ነው» ይለኛል። «ተፈራ ይምጣ» እላለሁ። እልኸኛ ነኝ፤ ከሰጠሁ ደግሞ ፊት ለፊቱ ልስጥ ብዬ ነው።

ተፈራ የመጣው ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ነበር። ግማሹን መንገድ በእግሩ ከመጣ በኋላ ሞተሩን አግኝቷል። ቦዳ ሰው መጫን ተከልክሎ ዕቃ ብቻ ስለሚፈቀድ፣ አንድ ዘለላ ማቶኬ፣ የሚቀቀለውን ሙዝ፣ ገዝቶ የማቶኬው ባለቤት ነኝ ብሎ አቅፎት ነው የተሳፈረው። ሌላ ቀን ቢሆን እስከ ማታ እስቅበት ነበር። የተተኮሰ ሸሚዙ በላብ ርሶ ከደረቱ ተጣብቋል። ማቶኬውን መሬት ላይ ጣለና ወደ ሥራ ቤቴ ገባ።

«ሰጠህ?»

«አልሰጠሁም። አሁን ልሰጥ ነው።»

«መጀመሪያ ለቄስ ይነገር።»

«ቄሱን ካየን ስንት ወራችን ነው? ሬሳ ቄስ አይጠብቅም።»

«ጋሼ፣ አይሁድ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፤ እሱ ራሱ ነግሮኛል።»

«ላንተስ? ለራስህ ምን ሊቀርልህ ነው?»

«ቁንጥር ናት የጠየቀችኝ።»

መቀሴን አነሣሁና ስፌቱን ልፈታ ጫፉን አስገባሁ። ተፈራ እጄን ያዘኝ። ወባ ይዞት ስሸከመው እንኳ እንደዚያ አጥብቆ አልያዘኝም።

«ጋሼ፣ አፈሩ የኢየሩሳሌም አይደለም።»

ሐጂ «አስተግፊሩላህ» አለ። እኔ ወዲያው አልገባኝም። መቀሱ እንደተሰካ ነው።

«የየት ነው ታዲያ?»

«ኢየሩሳሌም አልሄድኩም። አዲስ አበባ ሳለሁ ተዘጋ፤ ጉዞው ቀረ። ያረፍኩበት ቤት ደጅ ላይ ፎቅ ሊሠሩ ቆፍረው ነበር። ከዚያ ነው።»

«መግነዙስ?»

«በቧንቧ ውሃ ነው የነከርኩት።»

ገና ባላለበስኩት ሶፋ እንጨት ላይ ተቀመጥኩ። ተፈራ ከፊቴ ቁጢጥ አለ፤ ዓይኔን ሊያገኝ ፈለገ፣ አልሰጠሁትም።

«ስደውልላት 'ደረስክ?' አለችኝ። አልደረስኩም፣ ተዘግቷል ልላት አፌን ስከፍት ሳል ያዛት። አንተ ታውቀዋለህ ያን ሳል። ደርሻለሁ አልኳት። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣሁ።»

«ይሁን» አልኩት። «ለታመመች ሴት ነው፣ ይሁን። እሷ ካረፈች በኋላስ? እኔ አልታመምኩ። ድንጋዩ ከንፈርህን እንዴት አለው ስልህ፣ በማለዳ እንደሚነካ ብረት ያልከኝ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። አፌ ላይ መጣ።»

«እኔ እሱን እየሳምኩ ነው የምጸልይ!»

ሸሚዙን ከደረቱ ላይ አላቀቀው።

«እሁድ እሁድ ከፊት ስትቀመጥስ?»

«ጣመኝ፣ ጋሼ» አለ። «ሰው ሁሉ ሲነሣልኝ ጣመኝ።»

ሐጂ ጣልቃ ገባ። «ታዲያ እስከ ዛሬ የደበቅኸውን ዛሬ ምን አናገረህ?»

«እትዬን ስዋሻት በሕይወት ነበረች» አለ ተፈራ። «ደስ ሲላት አይቻለሁ። ይህ ሰው ግን ሞቷል። ማን ደስ ይበለው ብዬ ነው የምዋሸው? ሬሳ መዋሸት ፈራሁ።»

ያን ጊዜ ነው ዓይኑን ያየሁት።

«አበበችስ ስትቀበር ምን ነበረች? አፈሩን ከራሷ ሥር ሳደርገው መብራት ይዘህ ቆመህልኝ አልነበረም? ያን ቀን እጄን ለምን አልያዝክም?»

«ለዮናታን ያልበቃው አፈር ለአበበች በቃት?» ብዬ ጮህኩ። ደጅ የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩን። አማርኛ አይሰሙም፤ ለሞተው ጎረቤቴ የማለቅስ ነው የመሰላቸው።

የመኪናዋ ጥሩምባ ተነፋ። ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ደምሴ፣ ስማኝ ወንድሜ። ልጅቷ አባቷ ሞቶባታል። ረጅም መንገድ አለባት። ዝም ብለህ ቁንጥር ስጣት። አላህ ልቧን ነው የሚያየው።»

ሐጂ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ደጉ ነው። ከደግነቱ ነው ያለው። እኔም፣ ልዋሻችሁ አይደለም፣ ላደርገው ተነሣሁ። ከረጢቷን በእጄ ይዤ እስከ መኪናዋ ሄድኩ። ምን እንደሚሻል አላውቅም ነበር። እግሬ ነው የወሰደኝ።

ርብቃ ስታየኝ ሰዎቹን ትታ መጣች። በነሱ ባህል ሴት ልጅ ከታላቅ ሰው ስትቀበል ትንበረከካለች። በነጠላ ጫማዋ፣ በዚያ ቀይ አቧራ ላይ ተንበረከከችና ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ ዘረጋችልኝ። አበበችም አፈሩን ከተፈራ የተቀበለችው እንዲሁ በሁለት መዳፏ ነበር። አልጋዋ ላይ ቀና ብላ።

«ተነሺ ልጄ» አልኳት። «እዚህ ውስጥ ያለው አፈር ውሸት ነው። የዚያ አገር አይደለም። እኔም አሁን ነው የሰማሁት። ባለቤቴም በዚህ ተታላ ተቀብራለች።»

አልተነሣችም። መዳፏ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ማን ነው ያታለላችሁ?» አለችኝ።

ዞር አልኩ። ተፈራ ከማቶኬው አጠገብ ቆሟል፤ እጁ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ስሙን ልጠራ ነበር።

«የኔው ሰው ነው» አልኳት።

ቀስ ብላ ተነሣች። ጉልበቷ ላይ የነበረውን ቀይ አፈር አራገፈች። «አባቴ፣ አፈሩ ካልተገኘ ፊቴን ወደዚያ አድርጉልኝ ብሎኛል» አለች። «ወዴት በኩል ነው?»

ሐጂ ስልኩን አወጣ። የስግደት አቅጣጫ የሚያሳይ ነገር አለው። ይዞት ተዟዟረና፣ «መካ በዚህ ነው» ብሎ እጁን ዘረጋ። «ቁድስ ከሱ ትንሽ ወደ ግራ።» የሚያሳየው ከመኪና ማጠቢያው ጣሪያ በላይ፣ ወደ ሰሜን ነበር። የኔም አገር በዚያው ወገን ነው፤ ከመካ ትንሽ ወደ ቀኝ። ርብቃ እጁ የጠቆመበትን ዓይኗን ጨፍና ከፍታ አየች፤ ልክ የቤት አድራሻ እንደሚይዝ ሰው። ከዚያ እጄን ጨበጠችኝና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሄዱ።

ከረጢቷን ለተፈራ ሰጠሁት። «ያመጣኸውን ውሰድ» አልኩት። ተቀበለኝ። ማቶኬውን ትቶት በእግሩ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ ብትሉ፣ ተፈራ ለቄሱ ተናዟል። ከፊት መቀመጡንም ትቷል። እሁድ እሁድ አሁንም እየመጣ በረንዳዬ ላይ ይቀመጣል። አላባረርኩትም። ምሳውን በሌላ ሳህን ለብቻው አቀርብለታለሁ፤ ከአንድ ትሪ ግን አንበላም። ሐጂ ሽምግልና ይዞ ስንቴ መጣ። «ለሥጋው ይቅር ብየዋለሁ፤ ለምላሱ ገና ነኝ» እለዋለሁ። ገና ነኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ያን ቀን ካለፈ በኋላ ብቻዬን ስቀመጥ የገባኝ ነገር አለ። በዚያች በረንዳ ስለዚያ አገር ስንከራከር ከሦስታችን አንዳችንም ረግጠነው አናውቅም። ዮናታን አላየውም። ሐጂ መካ ደርሷል እንጂ ቁድስን አያውቀውም። እኔም አላየሁ። አብርሃምን ያየ የለም፣ ያን ሌሊት ያየ የለም፣ ድንጋዩ ሲንከባለል የቆመ በመካከላችን የለም። አባት ለልጅ ነገረ፣ እናት አልጋ ሥር ሻማ አብርታ ነገረች፣ የሄደ ላልሄደ ነገረ። ሦስታችንን ወደዚያ ምድር ያሰረን አፈሩ አይደለም፤ የነገረን ሰው አፍ ነው። ስለዚህ ስለዚያ አገር የሚዋሽ ሰው የሚሰርቀው አፈር አይደለም። ገመዱን ነው የሚቆርጥ። እኔ አሁን ስጸልይ የምስመው ድንጋይ የለኝም። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ የፎቅ ጉድጓድ ነው።

የቀረውን ልጨርስ። አበበች መቃብር በየጊዜው እሄዳለሁ። ሣሩን አጭዳለሁ፣ ስለ ሠፈሩ አወራታለሁ፣ ርብቃ ምባሌ ደህና ገብታ አባቷን ወደ ሰሜን እንዳስተኛችው ሁሉ ነግሬያታለሁ። በሆዴ የያዝኩትን በአፌ ካላወጣሁ የማልተኛው ሰውዬ፣ ለሐዘንተኛ ልጅ ተንበርክካ ሳለች እውነቱን የነገርኩት ሰውዬ፣ ለአበበች ይህን አልነገርኳትም። ስንቴ ልነግራት ሄጃለሁ። ስነሣ እንደ ልማዴ እጄን መቃብሯ ላይ አደርግና «አፈሩን...» ብዬ እጀምራለሁ፤ እዚያ ላይ ይቆምብኛል። ከዚያ እንግዲህ እውነቱን ልንገራት ብዬ አፌን እከፍታለሁ።

ያን ጊዜ ስትስል እሰማታለሁ።